ሦስት ቦታ የተቆጠረችው

«አንድ ሰው ሕዝብ አይባልም። ‹ሌሎች› የሚለው ውስጥ ክተተው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ የመስኮት ቁመት እየለካች ነበር። የጎን ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ተናጋሪው የቆጠራው ኃላፊ ነው፤ ከትልቁ ከተማ ተልኮ የመጣ፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ በሙቀትም የማይፈታ፣ ክፋት የሌለበት ግን ሥርዓት ያለቅጥ የሚወድ ሰው። አድማጩ ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞር የሰነበተው ቆጣሪ ነው፤ በሌላው ጊዜ የሂሳብ መምህር። መምህሩ «ሰውዬው እኮ ከሐይቅ ሰዎች የቀረሁት እኔ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ ነው የነገረኝ» ሲል ተሟገተ። ኃላፊው ሕጉን ጠቀሰ፤ ከሁለት ሰው በታች ለሆነ ወገን ሰሌዳው ላይ መስመር አይሰጥም፤ ብቻውን ቢወጣ ማንነቱ ይታወቃል፣ የተቆጣሪ ምስጢር ደግሞ መጠበቅ አለበት። «ማን እንደሆነማ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰሌዳው አዳራሹ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቀለም ቀቢው «የከተማችን ሕዝብ በየወገኑ» የሚለውን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ጨርሷል፤ ከሥር ያሉት መስመሮች ገና ባዶ ናቸው። መጋረጃውም የሚሰፋው ለዚሁ ሰሌዳ ምረቃ ነው። ልብስ ሰፊዋ የለካችው ቁመት ከጭንቅላቷ ስለጠፋ ሜትሯን እንደገና ዘረጋች።

የሐይቅ ሰው ማለት በዚህ ከተማ ሚዛን ጠጋኙ ነው፤ ሌላ የለም። ሐይቁ የደረቀ ጊዜ ሰዎቹ እግራቸው ወደመራቸው ተበተኑ። እዚህ የደረሱት ጥቂት ነበሩ፤ ግማሹን ባቡር ወሰደው፣ ግማሹን አፈር። እሱ ብቻ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ይዞ ቀረ። የሥጋ ቤቱም፣ የእህል ነጋዴውም፣ የወርቅ ሠሪውም ሚዛን ሲያነክስ እሱ ዘንድ ይመጣል። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ «ጋሼ ሚዛን ይየው» ይባላል፤ የማንም ወገን ስላልሆነ ለማንም አያደላም ይሉታል። ሰዉ ይህን ሲል ማመስገኑ ነው። እሱን ግን ምስጋናው ደስ አሰኝቶት እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ ያደገችበት ግቢ ውስጥ፣ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ባለችው የመጨረሻ ክፍል ነው የሚኖረው።

ኃላፊው ሲወጣ ወንበር ላይ ቆማ አገኛት። ካያት በኋላ የያዘውን ወረቀት አየና እንደገና እሷን አየ።

«‹የጋራ› የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ሦስት ነሽ» አላት።

ነገሩ ወዲህ ነው። መምህሩ ግቢያቸውን ሲቆጥር አዋላጇ ቤት ገባ፤ አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ አለችኝ፣ ወገኗ የተራራ ሰው ነው አለችው። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ገባ፤ እሷም ልብስ ሰፊ ልጅ አለችኝ፣ የወንዝ ሰው ናት አለች። ቲኬት ቆራጯ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ልጅ የባቡር ሰው ሆነች። መምህሩ የሂሳብ ሰው ነውና ሦስት አለ፤ ሦስቱም አንድ ዕድሜ፣ አንድ ሙያ፣ አንድ ቅጽል ስም ያላቸው መሆናቸውን ያየው ኃላፊው ነው። «ሦስት መንታ መስለውኝ ነበር» አለ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። ኃላፊው አልሳቀም። ቢሮው ማምሻውን ሳይዘጋ መጥታ የማን ቤት ልጅ፣ የየትኛው ወገን እንደሆነች በራሷ አፍ እንድትናገር፣ ካልሆነ ሦስቱም እንደሚሰረዙና ሴቶቹ በሐሰት ቃል እንደሚጠየቁ ነገራት። ከዚያ ትንሽ ለስለስ ብሎ «ሕጉ የሚለው የሰው ወገን ራሱ ነኝ ያለው ነው። እኛ አናጣራም፤ ያልሽውን እንጽፋለን» አላት። ወንበሩን ይዞ አወረዳት። መልካም አስተዳደግ ነበረው።

«የጋራ» የሚለው ስም የወጣላት በግቢው የጋራ ቧንቧ ነው። እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ባዶ ክፍል ተከራየች። ከየት እንደመጣች የግቢው ሰው በቅጡ ሳይጠይቃት ምጥ ያዛት፤ ሊጠይቋት ሲሉ ደግሞ አረፈች። ሻንጣው ውስጥ ከልብስ በቀር ምንም አልነበረም፤ ልብሱም ከየትኛውም ገበያ ሊገዛ የሚችል ዓይነት ነው። ልጅቱ መልኳ ለማንም አላዳላም። እንደ ባቡር ሰዎች ፈካ ያለች አይደለችም፣ እንደ ወንዝ ሰዎች ረጅም አይደለችም፣ ጉንጯ እንደ ተራራ ሰዎች ቀላ ይላል ግን ጸጉሯ አይገጥምም። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ አንዲት እናት ወስዶባት ሦስት ሰጣት፤ አዋላጇን «እቴቴ»፣ ዳቦ ጋጋሪዋን «እማዬ»፣ ቲኬት ቆራጯን «እማማ» እያለች አደገች። ሲርባት የቀረበው ቤት ትገባለች፤ ስታጠፋ ደግሞ የራቀው ቤት ትሸሸጋለች። እስከዚህ ቆጠራ ድረስ የማን ነሽ ያላት ሰው አልነበረም።

ቆጠራው ከታወጀ ወዲህ ግን ከተማው ፀባዩ ተለውጧል። ድሮ የወንዝ ሰው ቁመት፣ የባቡር ሰው ቁጥብነት፣ የተራራ ሰው ግትርነት ሞልቶ የተረፈ የቀልድ ምንጭ ነበር፤ ዛሬ ቀልደኛው አፉን ከመክፈቱ በፊት ግራ ቀኙን ያያል። የትምህርት ቤቱ ትምህርት በብዙኃኑ ቋንቋ ይሆናል የሚል ወሬ ተነዛ። የተራራና የባቡር ሰዎች ቁጥር ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ነው ተባለ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ያረጋገጠ የለም፤ አዋላጇና ቲኬት ቆራጯ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም። አንዷ ቧንቧ ላይ ስትሆን ሌላዋ ባልዲዋን ይዛ በሯ ላይ ትጠብቃለች። አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ትሰማለች።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሄደችው ዳቦ ቤት ነው፤ ቀላሉን ማስቀደሟ ነበር። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ግድግዳው ዱቄት ለብሷል፤ ሚዛኑ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ወረቀት ተሰርዞ ተደልዞ አምስት የነበረው ሰባት ሆኗል፤ ከሥሩ በሌላ እጅ «ዱቄቱን ጠይቁት» ተብሎ ተጽፏል። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሰማቻትና ከት ብላ ሳቀች። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትስቅ ሆዷም ትከሻዋም አብሮ ይስቃል። ታሪኩን ለሠራተኞቿ ደገመችላቸው፣ ለገዢም ነገረች። «ታዲያ ምን ልበል? ጡቴን ስትነክሺ ወገንሽ ማነው ብዬ ጠይቄሻለሁ?» አለች። «ሰው የእንጀራ እናት አለው። እኔ የዳቦ እናትሽ ነኝ፤ እንዲያ ብለሽ አስጽፊ።» ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ ግን ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቋን ስትጨርስ ወደ ምድጃው ዞራ ለረጅም ጊዜ ሳትመለስ ቀረች። የልጇና የልብስ ሰፊዋ ዕድሜ አንድ ነው፤ በአንድ ጡት ነው ያደጉት፤ ልጇ የጭነት መኪና ይዞ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ስትመለስ ሁለት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ አስታቀፈቻት፤ ሂሳብ ልስጥሽ ስትላት በዱቄታሙ እጇ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። የወንዝ ሰው አትበይ ወይም በይ አላለቻትም። ልብስ ሰፊዋ ከዳቦ ቤቱ የወጣችው ከገባችበት ጭንቀት ጋር ነው፤ ጀርባዋ ላይ አምስት ነጭ ጣት ታትሞባት።

አዋላጇ ቤት ነበረች። ክፍሏ ዛሬም እንደ ክሊኒክ ነው፤ አልጋው ተወጥሮ የተነጠፈ፣ ወለሉ የተፈተገ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ቆዳው የተላጠ የሥራ ቦርሳዋ የተቀመጠ። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሆኖም መንገድ ላይ የሚያልፍ ጎረምሳ ሁሉ በእጇ የወጣ ነውና፣ ስትቆጣ «በእግሩ ሊመጣ የነበረ!» እያለች የልደቱን ነውር ሳይቀር ታወጣበታለች። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ዘረዘረችላት። አዋላጇ የራዲዮኑን ድምፅ ቀነሰች እንጂ አልዘጋችውም። «ደስ ያለሽን አድርጊ» አለች። ይህን ቃል ከእናት አፍ የሰማ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዋላጇ ከጠረጴዛው ልብስ ላይ የሌለ ፍርፋሪ ታራግፋለች። ራዲዮኑ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል። ብዙ ከቆየች በኋላ አንገቷን ወደ ግድግዳው ሰበር አድርጋ፣ «ያቺስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ገና ነው የምሄደው አለቻት። አዋላጇ ራሷን ነቀነቀች። «የወጣሽው ተጠማዝዘሽ ነው። እትብትሽ አንገትሽ ላይ ነበር። እናትሽን ማትረፍ አልቻልኩም፤ አንቺን ግን…» ብላ ጀምራ ተወችው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። እቴቴዋ በቆጠራ ወረቀት ላይ ልታስጽፍ የፈለገችው ቁጥር እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ስትወጣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ አዋላጇም «ኧረ ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አለቻት።

ባቡር ጣቢያው ጭር ብሏል። ቲኬት ቆራጯ ባቡር ባይኖርም መስኮቷ ላይ ትሰየማለች፤ ሰው ሰዓት ሊጠይቅ ይመጣል እያለች ነው፣ ሰው ግን ከእሷ ይልቅ ስልኩን ያምናል። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ ከውጭ የሚታየው አገጯና እጇ ብቻ ስለሆነ፣ ልብስ ሰፊዋ የእማማን ስሜት ከእጇ ማንበብ የለመደችው ከልጅነቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን በዚያ ቀዳዳ አስገብታ ታሳያት ነበር፤ ውጤቱ ካነሰ ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይደበድቡታል። አሁን ጣቶቿ ዝም ብለዋል። «ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? የለኝም ልበል?» አለች። «አልጋዬ ላይ አሳድጌሽ፣ ዩኒፎርምሽን ገዝቼ፣ የለኝም ልበል?» ልብስ ሰፊዋ እንደዚያ እንዳላለች ነገረቻት። እጇ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፤ መሐረብ ሲፈልግ ቆይቶ ተመለሰ። «እኔ ሆደ ባሻ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። እኔን ብለሽ እንዳትጎጂ።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያቺስ ምን አለች?» አለች። ልብስ ሰፊዋ «እሷም ስለ አንቺ ይህንኑ ጠየቀችኝ» ስትላት፣ እማማ ለማንም ያልሆነ ቲኬት ላይ ማኅተም መታች።

እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ሄዳ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች፤ የማዘጋጃ ቤቱን መጋረጃ ጫፍ አጥፋ መስፋት ጀመረች፤ ስፌቱ ግን ጠማማ ሆነባት። አንዱን ብትመርጥ ሁለቱ አሳዳጊ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ማንም ምንም አይላትም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። እማዬ መሳቋን ትቀጥላለች፣ እቴቴ ራዲዮኗን ትከፍታለች፣ እማማ ማኅተሟን ትመታለች፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ያልፉታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሳታንኳኳ የምትገባበት ቤት አንድ ብቻ ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሰፋችውን ፈትታ፣ ክሩን ስትለቅም ቆይታ፣ ተነስታ ሱቁን ቆለፈችና ወደ ገበያው ዳር ወረደች። ምክር ፍለጋ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ሚዛን ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ከጣሪያው ላይ የሚዛን ሳህኖች፣ ሰንሰለቶች፣ ጠቋሚ ምላሳቸው የተጣመመ የሥጋ ቤት ሚዛኖች ተንጠልጥለዋል፤ ነፋስ ሲገባ ይንሿሿሉ። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የአንዱን ምላስ በቀጭን ሞረድ ይስላል፤ ይስልና ሳህኑን ነካ ያደርገዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ይሰጠዋል፣ እንደገና ይስላል። እዚያ ጥግ ላይ ያለው ሰፊ ሳህን ያለው ሚዛን የእሷ ነው። ጨቅላ ሳለች እማዬ ጡቷ ለሁለት አይበቃም ብላ ፈርታ ነበርና፣ በየገበያው ቀን እየታቀፈ ወስዶ በዚያ ሚዛን ይመዝናት ነበር አሉ። የጨመረች እንደሆነ ሱቁን ዘግቶ ሦስቱንም ቤት እየዞረ ይናገራል፤ የቀነሰች እንደሆነ ለማንም ሳይናገር ወተት ገዝቶ ይመጣል። የስፌት ማሽኗንም የገዛችው ስብርባሪውን ነው፤ እሱ ነው ነፍስ የዘራበት። ይህን ሁሉ ስታስበው አንድም ቀን «ልጄ» ብሎ እንዳልጠራት ትዝ አላት። «ሰፊዋ» ነው የሚላት።

ነገሩን ስትነግረው ሞረዱን አላቆመም። «የቲኬት ቆራጯ ልጅ ነኝ በይ» አለ። «ሆዷ አይችልም። አዋላጇ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች። ያቺ ደግሞ ትስቃለች።»

«ጋሼ፣ አንተስ መምህሩን ምን አልከው?»

«እኔማ ምን ችግር አለብኝ። የሐይቅ ሰው ነኝ አልኩት። ጻፈው» አለና ሞረዱን አስቀመጠ። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «ሰሌዳው ላይ ይወጣል አለኝ። አስቢው እስቲ። ሐይቁ ከካርታ ላይ ወጥቷል፤ ባለፈው የትምህርት ቤቱን ካርታ አይቼዋለሁ፣ ነጭ ወረቀት ነው ያለው። እዚህ ግን ይጻፋል። እኔ ስሞት እንኳ ይኖራል፤ እዚህ የሐይቅ ሰው ነበረ ይባላል። ለምረቃው ቀን ኮቴን ለላውንደሪ ልሰጥ አስቤያለሁ።» በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊቱ በራ። ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ አንጀቷ አልቻለም። «ኮትህን እኔ አዘጋጅልሃለሁ፣ ላውንደሪ አትስጥ» ብላው ወጣች።

ገበያውን አቋርጣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትወጣ ከማንም ጋር አልተማከረችም። እየሄደች የሚያገኛትን ሁሉ ሰላም አለች፤ ረጅሙን፣ ጠይሙን፣ ቀዩን፣ ጸጉረ ልሙጡን። ከሁሉም ቤት በልታለች። ይህን ሁሉ ሰው ፈጣሪ ለእሷ ሲል አንድ ከተማ ያከማቸው መሰላት፤ ማመስገን አማራትና በውስጧ አመሰገነች።

«ወሰንሽ?» አላት ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ።

«ወሰንኩ። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከሱቄ ጀርባ ክፍል አለችኝ። ከሦስቱም ቤት ሰርዙኝና እዚያ ጻፉኝ። ወገኔ የሐይቅ ሰው ነው።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። መምህሩ ከተቀመጠበት ተነሳ። ኃላፊው በምን ምክንያት ብሎ ጠየቃት፤ ቋንቋውን ትችል እንደሆነ ጠየቃት፤ ጥቂት ቃል ብቻ እንደምታውቅ፣ እነሱም በአብዛኛው የሚዛን ዕቃ ስሞች እንደሆኑ ነገረችው። «ሴትዮ፣ ሦስት እናቶች ይገባኛል ሲሉሽ፣ ጠይቆሽ የማያውቅ ሰው ዘንድ ትሄጃለሽ?» አላት። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ሊገባው ፈልጎ ነው።

«እነሱ እኔ ብጎድልባቸውም ሕዝብ ናቸው» አለችው። «እሱ ግን የጎደለው አንድ ሰው ነው። እኔን ያሳደገኝ ጠይቆኝ አይደለም፤ እኔም ሳልጠይቀው ልሙላለት። አንተ አይደለህ ራሷ ያለችው ይጻፋል ያልከኝ?»

ኃላፊው የአንገቱን ቁልፍ ነካው፤ ሊፈታው የፈለገ ይመስላል፤ አልፈታውም። ሕግ ሕግ ነው፤ እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ለእሷም ሕግ ነው። ጻፈ። ከዚያ ለመምህሩ «ለቀለም ቀቢው አንድ መስመር ይጨምር በለው» አለ። መምህሩ ቃሉን ሳያስጨርሰው በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ግቢው ስትደርስ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ፀሐይ ገና አላዘቀዘቀችም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከሥራ ተመልሳ ቧንቧው ሥር ሽርጧን ታጥባለች፤ አዋላጇ በሯ ላይ ወንበር አውጥታለች፤ ቲኬት ቆራጯ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ባልዲዋን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ልብስ ሰፊዋ መሀል ቆመች። ከሦስቱም ቤት መሰረዟን፣ የሐይቅ ሰው ብላ መጻፏን፣ ጠዋት የሰማችውንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። «ተቀየሙኝ» አለች በመጨረሻ። «ግን ለእናንተ ያለብኝን ምስጋና የትኛውም መስመር አይችለውም። ስለዚህ ለማንኛችሁም አልሞከርኩም።»

ቧንቧው ብቻ ይፈሳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ዘጋችው። አዋላጇ የጣቶቿን ጫፍ ታያለች። የቲኬት ቆራጯ ባልዲ መሬት ነካ። ልብስ ሰፊዋ ዕንባዋ እንዳይወጣ ወደ ላይ ስታይ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ቆይ እስቲ። እሷ የጋሼ ሚዛን ልጅ ከሆነች፣ እኛ ደግሞ እናቶቿ ከሆንን፣» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ሰውዬው በአንድ ቀን ሦስት ሚስት አገባ ማለት እኮ ነው።»

ቲኬት ቆራጯ ሳቋ አመለጣት። አዋላጇ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም። «እኔን የማያገባኝ ነገር ውስጥ አታስገቡኝ፣ ቡታ ጋዙን እንኳ ማቀጣጠል አያውቅም» አለች። ቲኬት ቆራጯም ወዲያው «አንቺ ትልቋ ስለሆንሽ አንቺ ታለማምጂዋለሽ» አለቻት። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከስንት ጊዜ በኋላ መነጋገራቸው ነው። አዋላጇ ወንበሯ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብላ «ባልዲሽን አስቀምጪና ተቀመጪ፣ ወገብሽን ያምሽ የለ» አለች። ቲኬት ቆራጯ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተበርግዶ ሚዛን ጠጋኙ ገባ። መምህሩ ሱቁ ድረስ ሮጦ ነግሮት ነበር፤ ‹ሌሎች› የሚለውንም፣ መስመሩንም፣ ልጅቱንም። ማንንም ሰላም ሳይል፣ ልብስ ሰፊዋንም ሳያያት፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡት። «ከፋው» አለች ቲኬት ቆራጯ። «ኩሩ ሰው ነው፤ ሰው እንዲጨምርለት አይወድም» አለች አዋላጇ። ልብስ ሰፊዋ ሳትጠይቀው ልሙላለት ያለችውን ሰው ክብሩን የነካችበት መሰላት። ወደ በሩ ሄዳ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ ተከፈተ። ኮቱን ለብሷል። ያለ ላውንደሪ፣ ያለ ካውያ፣ እጥፋቱ እንዳለ። ጸጉሩን በውኃ አርሶ አበጥሮታል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ቢሮው ተዘግቷል?» አለ።

«ገና ነው፣ ጋሼ። ምነው?»

«ያ መምህር የጠየቀኝ ስለ ወገኔ ብቻ አልነበረም። ልጅ አለህ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት።» የኮቱን ቁልፍ ሊቆልፍ ሞከረ፤ የሚዛን ምላስ የማይስተው ጣት ቀዳዳውን አጣው። «እነዚህን ሴቶች በሐሰት ቃል ሊጠይቋቸው ነበር አሉ። እነሱ አልዋሹም። ከዚህ ግቢ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ቆለፈችለት፤ ከላይ ጀምራ፣ አንድ በአንድ። አዋላጇ መጥታ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፏ አራገፈች፤ ቲኬት ቆራጯ ኮሌታውን አስተካከለች። ዳቦ ጋጋሪዋ እጇ እርጥብ ስለሆነ መንካት ፈርታ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ የግቢውን በር ሄዳ በሰፊው ከፈተችው።

«ፍጠኑ እንጂ፣ ሳይዘጋ» አለች።

አባትና ልጅ ተከታትለው ወጡ።